ስለ ፍሪትስ ሐበር፤ ከአየር ማዳበሪያ ስላወጣው ሊቅ

ፍሪትስ ሐበር በአውሮፓ አቆጣጠር በ1868 ዓ.ም. በብሬስላው ከተማ ከአይሁድ ወገን ተወለደ። ከተማይቱ ያን ጊዜ የጀርመን ነበረች፤ ዛሬ ግን የፖላንድ ናት። እናቱ እርሱን በወለደች በጥቂት ሳምንት ሞተች። ካደገም በኋላ ኬሚስትሪን ተምሮ በካርልስሩኤ ከተማ አስተማሪ ሆነ።

በዚያ ዘመን የአውሮፓ ገበሬ ከቺሌ በረሃ በመርከብ በሚመጣ ማዳበሪያ ይረዳ ነበርና፤ ይህ ያለቀ እንደ ሆነ ሕዝቡ ምን ይበላል ተብሎ ይፈራ ነበር። እህል ያለ ናይትሮጅን አያድግም። ናይትሮጅንም በአየር ውስጥ ሞልቷል፤ ከአምስት እጅ አራቱ ያህል እርሱ ነው። ነገር ግን ስንዴ ከአየር በቀጥታ ሊወስደው አይችልም፤ በባሕር መካከል ሆኖ በውሃ ጥም እንደሚሞት ሰው ነው። ሐበርም ናይትሮጅንን ከሃይድሮጅን ጋራ በብርቱ የብረት ዕቃ ውስጥ ዘግቶ፤ እጅግ አግሎና አምቆ፤ ውሕደቱን የሚያፋጥን ማዕድን ጨምሮ አገናኛቸው። በ1909 ዓ.ም. አሞኒያው ጠብ ጠብ እያለ ወረደለት። ካርል ቦሽ የሚባለው ሊቅ ሥራውን አስፍቶት በ1913 ዓ.ም. የኦፓው ፋብሪካ ተከፈተ። ዛሬ ከዓለም ሕዝብ እኩሌታ የሚያህለው በዚህ ማዳበሪያ በበቀለ እህል እንደሚኖር ሊቃውንት ይገምታሉ።

ጦርነት በተነሣ ጊዜ ግን ከዚያው አሞኒያ ፈንጂ ተሠራ። በ1915 ዓ.ም. በቤልጅግ አገር በኢፕር አጠገብ የክሎሪን መርዝ በጠላት ላይ እንዲለቀቅ ያዘጋጀውና የመራው ሐበር ራሱ ነው። ሚስቱ ክላራ፤ እርሷም የኬሚስትሪ ዶክቶር ነበረች፤ ከጥቂት ቀን በኋላ ራሷን ገደለች። እርሱም ሳይቈይ ወደ ጦር ግንባር ሄደ፤ ይህ የሚያሳዝን ነገር ነው። ለአሞኒያው የ1918 ዓ.ም. የኖቤል ሽልማት ተሰጠው። በ1933 ዓ.ም. ናዚዎች አይሁድን ከሥራ ባስወጡ ጊዜ ግን፤ ያን ያህል ያገለገላትን አገር ትቶ ወጣ፤ በ1934 ዓ.ም. በስዊስ አገር በባዝል ሞተ።

ሥራው አንድ ጕድለት ነበረበት። ሃይድሮጅኑ የሚገኘው ከድንጋይ ከሰል፤ በኋላም ከምድር ከሚወጣ ጋዝ ስለ ሆነ፤ የሚወጣው የከሰል አየር ዓለምን ያሞቃል። ዛሬ ግን ከፀሓይ ብርሃን ኤሌክትሪክ አውጥተው፤ በእርሱ ውሃን ከፍለው ንጹሕ ሃይድሮጅን የሚያገኙ አሉ። ፀሓይ ግን ማታ ትጠልቃለች፤ የሐበር ዕቃ ደግሞ መጋልና መብረድ ቢፈራረቅበት አይስማማውም። ስለዚህ ቀን የተሠራውን ሃይድሮጅን ለሌሊቱ ማከማቸት ያስፈልጋል፤ ወጪውም በብዙ ስፍራ ገና ከጋዙ ይበልጣል።