ዘግይቶ የመጣ ደጃዝማች

የአንድ መስፍን ሕይወት ለመተረክ ስንነሣ ለመሳፍንት ሐውልት ለማቆም አስበን አይደለም። የደጃዝማች አያሌው ብሩን ታሪክ የመረጥነው የሰሜን ጎንደር ሕዝብ በፋሽስት ኢጣሊያ ላይ ያካሄደው ተጋድሎ በማን ትከሻ ላይ ቆሞ እንደ ነበር ከብዙ የጀግና ታሪክ ይልቅ አጥርቶ የሚያሳይ ሆኖ ስላገኘነው ነው።

አያሌው በሰሜንና በወገራ የታወቀ ገዥ ነበር። መጋቢት 22 ቀን 1922 ዓ.ም. ራስ ጉግሣ ወሌ በአንቺም ሜዳ ሲወድቅ አያሌው ከማዕከላዊው መንግሥት ጎን ተሰልፎ ተዋግቷል። ውለታው የራስነት ማዕርግና ሰፊ ግዛት ያስገኝልኛል ብሎ ጠበቀ። በጌምድር ግን ለራስ ካሣ ኃይሉ ተሰጠ። ሰው አማኝነቱም የአዝማሪ መቀለጃ ሆነ። ቅሬታው ከልቡ አልወጣም። ልብ እንበል፤ ቅሬታው የሹመት ነበር እንጂ ለባላባት እየገበረ ጀርባው ስለ ጎበጠው የወገራ ገበሬ አልነበረም።

ታኅሣሥ 5 ቀን 1928 ዓ.ም. የራስ እምሩና የአያሌው ጦር ተከዜን ተሻግሮ በደምበጉይና በር የኢጣሊያን ታንኮች ገጠመ። ያ ዕለት ሊረሳ አይገባውም። ጎራዴና አሮጌ ጠመንጃ የታጠቀ ገበሬ በሚንቀሳቀስ ብረት ላይ እየዘለለ ወጥቶ ተዋጋ፤ ወራሪውም ታንኮቹን ትቶ አፈገፈገ። ድሉ አልዘለቀም። በየካቲት መጨረሻ የሽሬው ግንባር ተፈታ፤ መጋቢት 23 ቀን የስታራቼ ባለሞተር ጦር ጎንደር ገባ።

አያሌውም ለጠላት ገባ። እውነቱን ሳንሸፋፍን እንናገረው፤ በተከዜ የተዋጋው ደጃዝማች የወራሪውን ሥልጣን ተቀብሎ ተቀመጠ።

ጎንደር የፋሽስቱ የአማራ ግዛት ዋና ከተማ ተባለች። ደጋውና ቆላው ግን አልገበረም። በአርማጭሆ፣ በወልቃይትና በጠገዴ እነ ውብነህ ተሰማ (አሞራው) እና እነ አዳነ መኰንን ያሰባሰቡት ገበሬ ጠላትን ከምሽግና ከጥርጊያ መንገድ እንዳይርቅ አደረገው። ስንቅ ቋጣሪዋ፣ ጥይት አቀባዩ፣ ወሬ አመላላሹ የውስጥ አርበኛ ለዚህ ሁሉ ማዕርግ አልጠየቁም።

በ1933 ዓ.ም. ከረን ከወደቀ በኋላ ጄኔራል ናሲ በጎንደር ዙሪያ መሸገ። ከአስመራ የሚመጣውን መንገድ ከሊማሊሞ አፋፍ ላይ የወልቀፊት ምሽግ ዘጋው። አያሌው ከኢጣሊያ የተለየው በዚህ ጊዜ ነው። ከእንግሊዛዊው ሻለቃ ሪንግሮዝ ጋር ከነበሩት አርበኞች ጎን ሆኖ ወልቀፊትን ከበበ። ነፋሱ ሲዞር ዞረ የሚሉ አሉ፤ እኛም ከዚህ ፍርድ ብዙ አንርቅም። ሆኖም ሲመጣ የመጣው ወደ ተኩስ መስመር መሆኑን መካድ ፍትሕ አይሆንም።

ሰኔ ላይ የኢጣሊያዊው መኰንን ባስቲያኒ ባንዳዎች ከምሽጉ ድንገት ወጥተው አያሌውን ማረኩት። በዚያው ወር የሂትለር ጦር ሶቪየት ኅብረትን ወረረ፤ ፋሽዝም በዓለም ላይ የበረታበት ጊዜ ነበር። በባላባት ሥርዓት ልማድ ጌታው ሲያዝ ጦሩ ይበተናል። የወልቀፊት ከበባ ግን አልፈረሰም። ታዲያ ከበባው የማን ነበር? ሐምሌና ነሐሴ በዚያ አፋፍ ላይ ምን እንደሚመስሉ የደባርቅ ሰው ያውቃል፤ ጭጋጉ ሰውን ከሰው ይጋርዳል፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል። አርበኛው ክረምቱን በዚያ አሳለፈ። በመስከረም 1934 ዓ.ም.፣ በመስቀል ሰሞን፣ ኮሎኔል ጎኔላ ሦስት ሺህ ያህል ወታደሮቹን ይዞ እጁን ሰጠ።

ኅዳር 12 ቀን ቁልቋል በር ወደቀ፤ ኅዳር 18 ቀን ጎንደር። ከአርበኞቹ ጋር የተዋጉት የእንግሊዝ ወታደሮች ብዙዎቹ የኬንያና የሌሎች የምሥራቅ አፍሪካ አገሮች ልጆች ነበሩ፤ የራሳቸው አገር ገና በቅኝ ግዛት ቀንበር ሥር ሳለ ለእኛ ነፃነት ደማቸውን አፈሰሱ። ናሲ እጁን ሲሰጥ የኢጣሊያ ጦር በምሥራቅ አፍሪካ የያዘው የመጨረሻው ትልቅ ምሽግ ተዘጋ።

አያሌው ከድሉ በኋላ ብዙ ዓመት አልኖረም። ጎንደር ነፃ የወጣችበት ኅዳር የአጨዳ ወር ነበር፤ ወደ ከተማዋ ከዘለቁት አርበኞች ብዙዎቹ ማጭድ የሚጠብቃቸው ገበሬዎች ነበሩ።