ድርጅታቸውን ለደንበኞቻቸው ያስረከቡት ነጋዴ፤ ጎትሊብ ዱትቫይለር (1888–1962)

ስለ ኅብረት ሥራ ታሪክ ሲነሳ ቀድሞ የሚጠቀሰው በ1844 በእንግሊዝ አገር በሮችዴል ከተማ ሸማኔዎችና ሌሎች ሠራተኞች ያቋቋሙት ማኅበር ነው። የዚህ ጽሑፍ ባለታሪክ የመጡበት መንገድ ግን ከዚህ የተለየ ነው። ጎትሊብ ዱትቫይለር ተቸግረው ከመሰሎቻቸው ጋር የተደራጁ ሠራተኛ አልነበሩም። የለየላቸው ነጋዴ ነበሩ። ያቋቋሙት የችርቻሮ ድርጅት አድጎና ተደራጅቶ ባለበት ሰዓት ግን ለደንበኞቻቸው አስረክበው ወደ ኅብረት ሥራ ማኅበር ለወጡት። በዚህም ሳያበቁ ከሽያጩ ላይ በየዓመቱ ለባህል፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ አገልግሎት የሚውል ገንዘብ እንዲቀነስ በመተዳደሪያ ደንብ እንዲሠፍር አደረጉ። የሰውዬው የሕይወት ታሪክ የማኅበርን ገንዘብ ለሚያስተዳድር ሁሉ የሚጠቅም ትምህርት አለው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ልጅነትና የመጀመሪያው ኪሳራ

ዱትቫይለር ነሐሴ 1888 በስዊዘርላንድ ትልቋ ከተማ በዙሪክ ተወለዱ። አባታቸው የዙሪክ የምግብ ሸማቾች ማኅበር ሥራ አስኪያጅ ስለነበሩ ልጁ ያደጉት የእህል ዋጋ፣ የመጋዘንና የማኅበር ወሬ ከማይጠፋበት ቤት ነው። ንግድ ተምረው በ1907 በአንድ የምግብ ሸቀጥ ጅምላ ነጋዴ ድርጅት ተቀጠሩ። ቅልጥፍናቸው ታይቶ ጥቂት ዓመታት ሳይቆዩ የድርጅቱ ሸሪክ ለመሆን በቁ። በ1913 አዴለ በርቺ ከተባሉ ወይዘሮ ጋር ትዳር መሠረቱ። ልጅ አልወለዱም፤ ሆኖም እስከ ዕለተ ሞታቸው በሥራም በሐሳብም ሳይለያዩ ኖረዋል።

አንደኛው የዓለም ጦርነት ሲያበቃ የሸቀጥ ዋጋ በድንገት ወደቀ። በውድ ዋጋ ገዝቶ መጋዘን የሞላ ነጋዴ ሁሉ ከሰረ። የዱትቫይለር ድርጅትም ከዚህ አልዳነም፤ በ1923 ተዘጋ። እርሳቸውም ያፈሩትን ሀብት አጡ። ባልና ሚስቱ ከአገር ወጥተው ብራዚል ገቡና መሬት ገዝተው ቡናና ሌላም ሰብል ማምረት ጀመሩ። የእርሻው ኑሮ ግን አልሰመረም። የወይዘሮ አዴለ ጤና ስለታወከ ብዙም ሳይቆዩ ወደ ዙሪክ ተመለሱ።

ሆኖም የብራዚሉ ኑሮ ከንቱ አልቀረም። ዱትቫይለር ከዚያ በፊት ቡናን የሚያውቁት በጆንያና በደረሰኝ ብቻ ነበር። አሁን ግን በአምራቹ በኩል ቆመው አዩት። ገበሬው ለምርቱ የሚያገኘው ዋጋና የዙሪክ የቤት እመቤት ለዚያው ቡና የምትከፍለው ዋጋ የሰማይና የምድር ያህል የተራራቀ ነበር። ልዩነቱ የሚቀረው በመካከል ባሉት እጆች ነው። ከዚያ በኋላ የሠሩት ሥራ ሁሉ ይህን ርቀት ለማጥበብ የተደረገ ትግል ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

አምስት መኪናና ስድስት ዓይነት ሸቀጥ

በ1925 የበጋ ወራት በ100 ሺህ ፍራንክ ካፒታል ሚግሮ የተባለውን ድርጅት አቋቋሙ። ስሙ በጅምላና በችርቻሮ መካከል ያለ ንግድ የሚል ሐሳብ አለው። ድርጅቱ ሱቅ አልነበረውም። የነበረው አምስት የፎርድ የጭነት መኪና ብቻ ነው። በመኪናዎቹ ላይ የተጫነው ሸቀጥም ስድስት ዓይነት ብቻ ነበር፦ ቡና፣ ሩዝ፣ ስኳር፣ ፓስታ፣ የኮኮናት ቅባትና ሳሙና።

አሠራሩ ቀላል ነበር። መኪናዎቹ በተወሰነ ሰዓት በተወሰነ ሰፈር ይቆማሉ፤ ሴቶች ወጥተው ይገዛሉ። የሱቅ ኪራይ የለም፤ ዱቤ የለም፤ ሸቀጡም መደርደሪያ ላይ ሳይከርም ቶሎ ያልቃል። መልስ በመስጠት ጊዜ እንዳይባክን ዋጋው ሙሉ ቁጥር ይሆንና የሚስተካከለው የእሽጉ ክብደት ነበር። ከጥቂት የሚገኝ ትርፍ በብዛት ሲሸጥ ይበቃል የሚል ስሌት ነው። በዚህም ምክንያት አንዳንዱ ሸቀጥ ከገበያው ዋጋ እስከ 40 በመቶ ቀንሶ ተሸጠ። በወር ደመወዝ ቤቷን አብቃቅታ የምታስተዳድረው እናት ልዩነቱን ወዲያው አየችው።

ከየአቅጣጫው የመጣ ተቃውሞ

ባለሱቆች ግን በእጅጉ ተቆጡ። ቁጣቸው ያለ ምክንያት አልነበረም፤ በአንዲት ትንሽ ሱቅ ቤተሰቡን የሚያስተዳድር ሰው ከዚህ ዓይነት ዋጋ ጋር መወዳደር አይችልም። ፋብሪካዎችም ከነባር ደንበኞቻቸው ላለመጣላት ሲሉ ለሚግሮ ምርት አንሸጥም አሉ። ዱትቫይለር የሰጡት መልስ ራሳቸው ማምረት ነበር። በ1928 ዙሪክ ሐይቅ ዳር በምትገኘው ማይለን ከተማ አልኮል የሌለው የፍራፍሬ ጭማቂ የሚያመርት ድርጅት ገዙ። በዚያን ጊዜ ከአገሩ ፍራፍሬ ብዙው ወደ አረቄ ማውጫ ይሄድ ነበር። እርሳቸው የፖም ጭማቂውን ዋጋ በጣም ቀንሰው ለገበያ አቀረቡት። አልኮልና ትምባሆ በሚግሮ ሱቆች እንዳይሸጥም ከለከሉ፤ ከሁለቱም ብዙ ትርፍ እንደሚገኝ ግን አጥተውት አይደለም።

የታወቁ ፋብሪካዎችን ምርት የሚመስል ሸቀጥ በርካሽ እያወጡም ብዙ ጊዜ ፍርድ ቤት ቀርበዋል። ካፌይን የሌለው ሐግ የተባለ ቡና ሲሸጥ እርሳቸው ጻውን የሚል ስም ያለው ቡና አወጡ። በጀርመንኛ ሁለቱም ቃላት አጥር ማለት ናቸው። ሕዝቡ ሳቀ፤ ፋብሪካው ከሰሰ።

በ1933 መንግሥት ትናንሽ ነጋዴዎችን ለመጠበቅ ትልልቅ የችርቻሮ ድርጅቶች አዲስ ቅርንጫፍ እንዳይከፍቱ የሚከለክል ሕግ አወጣ። ሕጉ እስከ 1945 ጸንቶ ቆየ። ዱትቫይለር በሱቅ መስፋፋት ሲከለከሉ ወደ ሌላ ዘርፍ ዞሩ። በ1935 አነስተኛ ገቢ ያለው ሠራተኛ ዕረፍቱን በርካሽ የሚያሳልፍበትን፣ ባዶ የቀሩ ሆቴሎችም እንግዳ የሚያገኙበትን ሆቴልፕላን የተባለ የጉዞ ድርጅት አቋቋሙ። በዚያው ዓመት ለፓርላማ ተመረጡ። በ1936 ደግሞ የነፃዎች ኅብረት የተባለውን የፖለቲካ ድርጅት መሠረቱ።

በፓርላማም ቢሆን ዝም ብለው የሚቀመጡ ሰው አልነበሩም። አገሪቱ ለክፉ ቀን የሚሆን የምግብ ክምችት እንዲኖራት ያቀረቡት ሐሳብ ሳይታይ ሲጓተት፣ በ1948 ተቆጥተው የፓርላማውን ሕንፃ መስኮት በድንጋይ ሰበሩ። ድርጊቱን ያወገዘው ብዙ ነው። የሚወዷቸውም ሳይቀሩ ግትርና ለብቻቸው መወሰን የሚቀናቸው ሰው መሆናቸውን አይክዱም።

ድርጅቱን ማስረከብ

ሁለተኛው የዓለም ጦርነት አውሮፓን ባመሰበት ጊዜ ዱትቫይለር ትልቁን ውሳኔ ወሰኑ። በ1941 ሚግሮ አክሲዮን ማኅበር መሆኑ ቀርቶ በየአካባቢው የተደራጁ የኅብረት ሥራ ማኅበራትና የእነርሱ ፌዴሬሽን ሆነ። የተመዘገቡ ደንበኞች እያንዳንዳቸው የ30 ፍራንክ ዕጣ ያለ ክፍያ ተሰጣቸው። ትናንት ከመኪናው ላይ ስኳር ትገዛ የነበረች ሴት ዛሬ የድርጅቱ ባለቤትና ድምፅ ሰጪ ሆነች ማለት ነው።

ጠላቶቻቸው ይህም የነጋዴ ብልሃት ነው፣ ከግብር ለመሸሽና ስም ለማግኘት የተደረገ ነው ብለው አሙ። ይሁን እንጂ አንድ ጊዜ ለሺህ ሰዎች የተከፋፈለ ንብረት ተመልሶ የአንድ ሰው አይሆንም። ባልና ሚስቱ በዙሪክ አቅራቢያ በሩሽሊኮን የነበራቸውን ሰፊ ቦታም ሕዝብ የሚዝናናበት መናፈሻ እንዲሆን ሰጡ። ዱትቫይለር ከዚያ በኋላም የሚታወቁት ትንሽዬ ፊያት መኪና እያሽከረከሩ ሲሄዱ ነው።

በ1942 የአባላቱ ሳምንታዊ ጋዜጣ መታተም ጀመረ፤ የስሙ ትርጉም ድልድይ ሠሪ ማለት ነው። በ1944 በዙሪክ በዝቅተኛ ክፍያ የቋንቋ ትምህርት የሚሰጥ የክበብ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ቀን የሚሠራ ሰው ማታ የሚማርበት ይህ ትምህርት ቤት ወደ ሌሎች ከተሞች ተስፋፍቶ በስዊዘርላንድ ትልቁ የጎልማሶች ትምህርት ተቋም ለመሆን በቃ። ቀጥሎም የሙዚቃ ዝግጅት በርካሽ መግቢያ ለሕዝብ መቅረብ ጀመረ። ኦርኬስትራ የሀብታም ብቻ ይመስል በነበረበት ዘመን የፋብሪካ ሠራተኛው ከነሚስቱ ገብቶ መስማት ቻለ። ለዱትቫይለር ርካሽ ሩዝና ርካሽ የሙዚቃ መግቢያ አንድ ሥራ ነበሩ፤ ሁለቱም ለጥቂቶች ብቻ ይደርስ የነበረን ነገር ለብዙኃኑ ማድረስ ነው።

በ1950 ባልና ሚስቱ ወደፊት ድርጅቱን ለሚመሩት ሰዎች እንደ ኑዛዜ የሚቆጠሩ 15 ነጥቦችን ጽፈው አስቀመጡ። ፍሬ ሐሳቡ የአጠቃላዩ ሕዝብ ጥቅም ከድርጅቱ ጥቅም መቅደም እንዳለበት፣ የድርጅቱ ሀብት ባደገ ቁጥርም ለማኅበራዊና ለባህል ሥራ የሚሰጠው ድርሻ ከዚያ በላይ ማደግ እንደሚገባው ነው።

ከሽያጭ የሚቀነሰው የባህል መቶኛ

ያም ሆኖ እስከዚያ ጊዜ ድረስ የሚሰጠው ገንዘብ በመሥራቹ ፈቃድ ላይ የተንጠለጠለ ነበር። ዱትቫይለር እርሳቸው ሲያልፉ ልግስናውም አብሮ እንደሚያልፍ ገባቸው። ስለዚህ በ1957 የባህል መቶኛ ተብሎ የሚጠራው ግዴታ በመተዳደሪያ ደንቡ ውስጥ እንዲገባ ተደረገ። የመንግሥት ሕግ ይህን አላዘዘም፤ ድርጅቱ በፈቃዱ በራሱ ላይ የጣለው ግዴታ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። ፌዴሬሽኑ ከጅምላ ሽያጩ ቢያንስ አንድ በመቶ፣ የየአካባቢው ማኅበራት ደግሞ ከችርቻሮ ሽያጫቸው ቢያንስ ግማሽ በመቶ ለባህል፣ ለትምህርትና ለማኅበራዊ ሥራ ያውላሉ። የሚታየውም የአራት ዓመት አማካይ ነው። እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ስሌቱ በትርፍ ላይ ሳይሆን በሽያጭ ላይ መሆኑ ነው። ትርፍ አንድ ዓመት ይገኛል፣ ሌላ ዓመት ይጠፋል፤ በሒሳብ አያያዝም ከፍና ዝቅ ሊል ይችላል። ሽያጭ ግን በደረሰኝ የሚታይ ነው። በመሆኑም ዘንድሮ አልተረፈንም የሚለው ሰበብ ቦታ የለውም። የአራት ዓመቱ አማካይ ደግሞ ክፉ ዓመት ሲመጣ ትምህርት ቤቱም ሆነ መናፈሻው በአንድ ጊዜ እንዳይራቆት ያደርጋል።

ለንጽጽር ያህል፣ በዓመት 10 ሚሊዮን ብር የሚሸጥ ማኅበር በግማሽ በመቶ ስሌት 50 ሺህ ብር ይመድባል። ለአንድ ዓመት ብዙ ላይመስል ይችላል። በየዓመቱ ሳይቋረጥ ሲመጣ ግን የአንዲት ቀበሌ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት የሚሞላ ገንዘብ ነው።

ከሞታቸው በኋላ

ዱትቫይለር ሰኔ 1962 በ73 ዓመታቸው በዙሪክ አረፉ። በዓመቱ በሩሽሊኮን በስማቸው የተሰየመ የጥናት ተቋም ተከፈተ። ባለቤታቸው ወይዘሮ አዴለ ሥራውን ሲከታተሉ ኖረው በ1990 አርፈዋል።

የባህል መቶኛው ግን ከመሥራቾቹ በኋላም ቀጠለ። በእርሱ ድጋፍ ወጣት ሙዚቀኞችና ተዋንያን ተምረዋል፤ በ1996 በዙሪክ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ተከፍቷል፤ የሕዝብ መናፈሻዎችም ይተዳደራሉ። በየዓመቱ የሚወጣው ገንዘብ ከ100 ሚሊዮን ፍራንክ በላይ ደርሷል። አምስት መኪና ይዞ የተነሳው ድርጅት በ10 የአካባቢ ማኅበራት የተደራጁ ከሁለት ሚሊዮን በላይ አባላት አሉት።

ሁሉም ነገር ያለ ነቀፌታ አልሄደም። ድርጅቱ ግዙፍ እየሆነ ሲሄድ መሥራቹ ተራ ሰው ሆነው የታገሉትን ዓይነት ኃያል ሆነ የሚሉ አሉ። አልኮል በሚግሮ ሱቆች ባይገባም በኋላ በገዛቸው እህት ድርጅቶች ይሸጣል። ሆኖም በ2022 ክልከላው ይነሳ ወይስ ይቆይ ተብሎ አባላቱ ሲጠየቁ፣ ከ10ሩ ማኅበራት አንዱም ለማንሳት የሚያስፈልገውን ድምፅ አልሰጠም። መሥራቹ ከሞቱ 60 ዓመት ቢያልፍም ቃላቸውን ያጸናው አባሉ ነው።

ለኅብረት ሥራ ማኅበራት የሚተርፈው ትምህርት

ዓለም አቀፉ የኅብረት ሥራ ኅብረት በ1995 በማንቸስተር ባደረገው ጉባዔ ካጸደቃቸው ሰባት መርሆዎች የመጨረሻው ማኅበራት ለሚኖሩበት ኅብረተሰብ ማሰብ እንዳለባቸው ይደነግጋል። ዱትቫይለር ይህን መርህ ከመጻፉ በፊት ኖረውበታል። በአገራችንም ቡና አምራች ዩኒየኖች ከፍትሐዊ ንግድ በሚያገኙት ተጨማሪ ክፍያ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የንጹሕ ውኃ መስመር ሠርተዋል። የሐሳቡ ሥር አንድ ነው።

ልዩነት የሚያመጣው ልግስናው የቆመበት መሠረት ነው። በሊቀመንበር ቸርነት የተሠራ ሥራ ሊቀመንበሩ ሲለወጥ ይቆማል። በጠቅላላ ጉባዔ ተወስኖ በመተዳደሪያ ደንብ የሠፈረ ሥራ ግን የሚመሩት ሰዎች ቢቀያየሩም ይቀጥላል። ዱትቫይለር በሕይወታቸው ብዙ ነገር ሸጠዋል፣ ብዙ ጠብም ጠብተዋል። ከሁሉ የቀረላቸው ግን በእጃቸው ይዘው ያላስቀሩት ነው።