የአንድ ሺሕ ብር ጣሪያና ፕሮፌሰር ሬኔ ዳቪድ

ከዓመታት በፊት ጭነት መኪና ገጭቶት አንድ እግሩን ላጣ ወጣት ጠበቃ ሆኜ ቆሜ ነበር፡፡ የሕክምና ቦርዱ ጉዳቱን በመቶኛ አስልቶ ላከ፤ ዳኛውም በዚያው መነሻነት ወደፊት የሚቀርበትን ገቢ ወሰኑለት፡፡ የሕሊና ካሳው ላይ ሲደርሱ ግን ስሌት አላስፈለጋቸውም፡፡ 1,000 ብር አሉ፡፡ ከችሎት ስንወጣ ወጣቱ ይህን ቁጥር ማን እንዳወጣው ጠየቀኝ፡፡ የማወራችሁ ስለዚያ ሰው ነው፡፡

ሬኔ ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1906 ፓሪስ ተወለዱ፡፡ ገና በወጣትነታቸው የሕግ መምህር ሆኑ፡፡ ሮም ውስጥ የአገሮችን የግል ሕግ ለማቀራረብ በተቋቋመው ተቋም ሠርተዋል፣ ግሬኖብል አስተምረዋል፣ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላም የፓሪስ ፕሮፌሰር ሆነዋል፡፡ ሙያቸው የአገሮችን ሕግ ማነጻጸር ነበር፡፡ በ1964 ያወጡት የዓለም ታላላቅ የሕግ ሥርዓቶችን የሚያነጻጽር መጽሐፍ በብዙ ቋንቋዎች ተተርጉሟል፡፡

ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1946 ዓ.ም. ሕጎቹን የሚያዘጋጅ ኮሚሽን ሲያቋቁሙ የወንጀሉን ረቂቅ ስዊዛዊው ዣን ግራቨን፣ የፍትሐ ብሔሩን ደግሞ ዳቪድ ያዙ፡፡ ጽሑፉ በፈረንሳይኛ ተረቀቀ፣ ከዚያ ወደ አማርኛ ተመለሰ፡፡ (ተማሪ ሳለሁ የአማርኛውን ዓረፍተ ነገር ሦስቴ አንብቤ አልገባኝ ሲል ወደ እንግሊዝኛው የሮጥኩበት ቀን ብዙ ነው፡፡) 3,367 ቁጥሮች ያሉት ሕግ ሚያዝያ 27 ቀን 1952 ዓ.ም. ታወጀ፡፡ ዳቪድ የአገሬው ልማድ እጅግ የተለያየ በመሆኑ መሠረት ሊሆን አይችልም ባይ ነበሩ፡፡ በዚህ አልስማማም፡፡ ጉማን የመሰለ የካሳ ሥርዓት ያለው ሕዝብ ስለ አካል ጉዳት የሚነግራቸው ነገር አያጣም ነበር፡፡

ያም ሆኖ ከውል ውጪ ኃላፊነትን የሚመለከተው ክፍል ዛሬም ያስደንቀኛል፡፡ ቁጥር 2081 የመኪና ባለቤት ጥፋት ባይኖርበትም መኪናው ላደረሰው ጉዳት ኃላፊ ነው ይላል፡፡ ይህ የተጻፈው በአገሪቱ መኪና በጣት በሚቆጠርበት ዘመን ነው፡፡ ቁጥር 2031 ባለሙያ የሚለካው በሳይንስ በታወቀው ነገርና በሙያው ደንብ ነው ስለሚል፣ ቀዶ ሐኪም ተሳስቷል አልተሳሳተም የሚለውን ዳኛው በገዛ ስሜታቸው ሊቆርጡት አይችሉም፤ ሌላ ሐኪም ቀርቦ ማስረዳት አለበት፡፡ ከሁሉ የምወዳቸው ግን ቁጥር 20 እና 22 ናቸው፡፡ ማንም ሰው የሕክምና ምርመራ አልፈልግም ማለት ይችላል፡፡ ሆኖም ምርመራው ከባድ አደጋ የሌለው ከሆነ፣ ፍርድ ቤቱ በምርመራው ሊጣራ የነበረውን ነገር እንደተረጋገጠ ሊቆጥረው ይችላል፡፡ ወገቤ ተጎዳ ብሎ ከስሶ ራጅ አልነሳም የሚል ሰው ማንም በግድ አያስነሳውም፤ እምቢታው ግን ሊያስረታው ይችላል፡፡ የሰውን ገላና የፍርድ ቤትን እውነት በአንድ ላይ ማክበር ማለት ይኸው ነው፡፡

ቁጥር 2091 ካሳ ከጉዳቱ ጋር እኩል ይሁን ይላል፡፡ ጥቂት ገጾች ቆይቶ የሚመጣው ቁጥር 2116 ደግሞ የሕሊና ካሳ በምንም ሁኔታ ከ1,000 ብር አይበልጥም ይላል፡፡ በወቅቱ ይህ 400 የአሜሪካ ዶላር ገደማ ነበር፡፡ በዛሬው ምንዛሪ 10 ዶላር አይሞላም፡፡ የፈረንሳይ ፍርድ ቤቶች እንዲህ ያለ ጣሪያ የለባቸውም፡፡ ረቂቁ በኮሚሽኑና በፓርላማው በኩል ስላለፈ ነገሩን በእሳቸው ጫንቃ ላይ ብቻ አልጭነውም፡፡ ግን ሕጉ በታወጀበት በዚያው በ1960 እ.ኤ.አ. የእሳቸው አገር 100 የድሮ ፍራንክ በ1 አዲስ ፍራንክ ቀይራለች፡፡ ገንዘብ እንደሚሟሽሽ ከዳቪድ በላይ ማን ሊያውቅ ነው?

ከእሳቸው ሥራ ብዙው ተነካክቷል፡፡ የመሬቱን ክፍል የ1967ቱ አዋጆች ሻሩት፣ የቤተሰቡን የ1992ቱ ሕግ ተካው፡፡ ይህ ጣሪያ ግን መንግሥታት ሲቀያየሩ ማንም ሳያስታውሰው እስከ ዛሬ አለ፡፡

ዳቪድ እ.ኤ.አ. በ1968 ከፓሪስ ወደ ኤክስ አን ፕሮቫንስ ተዛውረው ማስተማራቸውን ቀጠሉ፡፡ በ1976 የኢራስመስ ሽልማትን ከአምነስቲ ኢንተርናሽናል ጋር ተጋሩ፡፡ በግንቦት 1982 ዓ.ም. በ84 ዓመታቸው ዐረፉ፡፡

ያን ዕለት ለወጣቱ ሕጉን ያረቀቁት አንድ ፈረንሳዊ ፕሮፌሰር እንደሆኑ ነገርኩት፡፡ ሰውየው በሕይወት ካሉ ደብዳቤ ልጻፍላቸው አለኝ፡፡ ከሞቱ ቆይተዋል አልኩት፡፡ ክራንቹን አስተካክሎ፣ እንግዲያው አሁን ለማን ነው የሚጻፈው ብሎ ጠየቀኝ፡፡ ያን ጊዜ መልስ አልሰጠሁትም፡፡