የብርሃንን ጉልበት የለኩ ሊቅ፦ ማክስ ፕላንክ (1858–1947)

ራጅ በሚነሣበት ክፍል ባለሙያው ከግድግዳ ጀርባ ይከለላል፤ ራዲዮ ሲከፈት ግን ከሞገዱ የሚሸሸግ የለም። ሆኖም ራጅም የራዲዮ ሞገድም በባሕርያቸው ከምናየው ብርሃን ጋር አንድ ናቸው። ታዲያ አንዱ ጎጂ፣ ሌላው የማይጎዳ የሆነው ስለ ምንድን ነው? የመልሱን በር የከፈቱት ጀርመናዊው የፊዚክስ ሊቅ ማክስ ፕላንክ ናቸው። ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፕላንክ በ1858 በኪል ከተማ ተወለዱ። አያታቸውና ቅድመ አያታቸው የነገረ መለኮት፣ አባታቸው የሕግ መምህራን ነበሩ። በሙኒክ ዩኒቨርሲቲ ፊዚክስ ለማጥናት ሲነሡ ፕሮፌሰር ፊሊፕ ፎን ዮሊ በዚህ ዕውቀት ያልተገኘ ነገር እምብዛም እንደሌለ ነገሯቸው። ወጣቱ ግን የታወቀውን ጠንቅቆ መረዳት እንደሚበቃቸው ገልጠው በሐሳባቸው ጸኑ።

በ1889 በበርሊን ማስተማር ጀመሩ። በዚያ ዘመን ሊቃውንቱን ያስቸገረ አንድ ጥያቄ ነበር። ብረት በምድጃ ሲግል መጀመሪያ ይቀላል፤ ሙቀቱ ሲጨምር ይነጣል። ይህን የቀለም ለውጥ በወቅቱ በታወቀው ሕግ አስልቶ መድረስ አልተቻለም። ፕላንክ ዲሴምበር 14 ቀን 1900 ለጀርመን የፊዚክስ ማኅበር መልሱን አቀረቡ። የጋለ አካል ጉልበቱን እንደ ውኃ ሳያቋርጥ አያፈስም፤ እንደ እህል ፍሬ እየቆጠረ ይሰጣል እንጂ። የፍሬውም መጠን ከሞገዱ የንዝረት ብዛት ጋር የተመጣጠነ ነው፤ ንዝረቱ እጥፍ ሲሆን ጉልበቱም እጥፍ ይሆናል።

በ1905 አልበርት አይንሽታይን ብርሃን ራሱ የእነዚህ ፍሬዎች ስብስብ መሆኑን አመለከቱ። ፍሬው ኋላ ፎቶን ተባለ። ጉልበቱም በኤሌክትሮን ቮልት ይለካል። የቀይ ብርሃን ፎቶን 1.8፣ የሐምራዊው 3.1 ያህል ይይዛል። በ100 ሜጋኸርዝ የሚተላለፈው የኤፍ ኤም ራዲዮ ፎቶን ግን ከአንድ ኤሌክትሮን ቮልት ሁለት ሚሊዮንኛ እጅ እንኳ አይሞላም። በአንጻሩ የሐኪም ቤት ራጅ ፎቶን በአሥር ሺዎች የሚቆጠር፣ ለካንሰር ሕክምና የሚውለው የኮባልት 60 ጋማ ጨረር ፎቶን ደግሞ ከአንድ ሚሊዮን በላይ ይይዛል። ኤሌክትሮንን ከአተም ለመንጠቅ 10 ገደማ ይበቃል። ስለዚህ አንድ የራጅ ፎቶን ብቻውን ይህን ሲያደርግ፣ የራዲዮ ፎቶን የቱንም ያህል ቢበዛ ሊያሞቅ እንጂ አተምን ሊሰብር አይችልም።

የሚያስደንቀው ፕላንክ ራሳቸው ይህን ግኝት ለመቀበል መቸገራቸው ነው። የቀድሞውን የፊዚክስ ሕግ ስለሚወዱ አዲሱን ከእርሱ ጋር ለማስታረቅ ለዓመታት ደከሙ። በመጨረሻ ግን ፍቅራቸውን ትተው ለእውነት ተገዙ። የ1918 የኖቤል ሽልማትም ተሰጣቸው።

ክብሩ የመጣው በኀዘን መካከል ነበር። ባለቤታቸው ማሪ በ1909 ዐረፉ፤ ልጃቸው ካርል በ1916 በቬርደን ጦር ሜዳ ወደቀ፤ መንትያ ሴቶች ልጆቻቸው ግሬተና ኤማ በ1917 እና በ1919 በወሊድ ምክንያት ሞቱ። በ1933 ሂትለርን አግኝተው ስለ አይሁዳውያን ሊቃውንት ቢማልዱም አልተሰሙም። በ1935 መንግሥት ከልክሎ ሳለ፣ በስደት ለሞቱት አይሁዳዊ ባልንጀራቸው ፍሪትዝ ሃበር የመታሰቢያ ሥነ ሥርዓት አደረጉ። ሉተራዊ የቤተ ክርስቲያን ሽማግሌ ቢሆኑም፣ ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፒዮስ 11ኛ በ1936 የጳጳሳዊ የሳይንስ አካዳሚ አባል አደረጓቸው። በ1944 ቤታቸው ከነመጻሕፍቱ በቦምብ ነደደ፤ በጃንዋሪ 1945 ልጃቸው ኤርቪን ሂትለርን ለመጣል በተደረገው ሤራ ተከሶ ተሰቀለ። ፕላንክ በ1947 በጐቲንገን በ89 ዓመታቸው ዐረፉ።

ስማቸውን የያዘው ቋሚ ቁጥር ከ2019 ጀምሮ የኪሎግራም መለኪያ መሠረት ሆኗል። ወጣቶቻችን ስለ ሳይንስና ስለ እምነት ሲጠይቁን፣ ያልወደዱትን እውነት እውነት ስለሆነ ብቻ የተቀበሉትን እኚህን ሰው እናስታውሳቸው።