ሄዶ መመለስ፦ ሻርል ሬናር እና የኤሌክትሪክ በረራ ቁጥጥር አጀማመር

መግቢያ

የኤሌክትሪክ ማከፋፈያ ሣጥን ከፍቶ በብሬከሮቹ ላይ የተጻፈውን የተመለከተ ሰው 10፣ 16፣ 25፣ 40 እና 63 አምፔር የሚሉ አኃዞችን ያገኛል። እነዚህ ቁጥሮች በዘፈቀደ የተመረጡ አይደሉም። ወደ ምንጫቸው ስንሄድ የምናገኘው በ19ኛው መቶ ዘመን የፊኛ ገመዶች ዓይነት መብዛት ያስቸገረውን አንድ የፈረንሳይ የጦር መሐንዲስ ነው። ይኸው መሐንዲስ ከባልደረባው ጋር በባትሪና በኤሌክትሪክ ሞተር የሚንቀሳቀስ የአየር መርከብ ሠርቶ፣ በራሱ ኃይል ዞሮ ወደ ተነሣበት ሜዳ ለመመለስ የመጀመሪያው ለመሆን በቅቷል። ስሙ ሻርል ሬናር ይባላል።

በዘመናችን የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ሲነሣ ክርክሩ በአብዛኛው በባትሪ ክብደት ዙሪያ ይሽከረከራል። ይህ ጽሑፍ የሬናርን የሕይወት ታሪክ ባጭሩ በመተረክ ሌላ ነጥብ ለማሳየት ይሞክራል፤ ይኸውም ኃይልና ቁጥጥር ተነጣጥለው ሊነደፉ የማይችሉ መሆናቸውንና፣ ኃይል በጨመረ ቁጥር የቁጥጥሩ ጥያቄ የሚከብድ እንጂ የሚቀልል አለመሆኑን ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዘመናት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ከጦርነቱ ወደ ፔንዱለሙ

ሬናር ኅዳር 23 ቀን 1847 በምሥራቅ ፈረንሳይ በቮዥ አውራጃ፣ ዳምብላን በምትባል መንደር ተወለደ። በፓሪስ ኤኮል ፖሊቴክኒክ ከተማረ በኋላ የጦር መሐንዲስ መኮንን ሆነ። ገና ወጣት ሳለ የ1870ው የፈረንሳይና የፕሩሲያ ጦርነት ተነሣ። ፓሪስ በተከበበች ጊዜ ከ60 በላይ ፊኛዎች ደብዳቤና መልእክተኛ ይዘው ከከተማይቱ ወጡ፤ የአገር ግዛት ሚኒስትሩ ሌዎን ጋምቤታም ከበባውን ያመለጠው በፊኛ ነበር። ነገር ግን የወጡት ፊኛዎች ነፋስ ወደ ወሰዳቸው ከመሄድ በቀር ምርጫ አልነበራቸውም፤ አንዳቸውም ወደ ተከበበችው ከተማ ሊመለሱ አልቻሉም። የዚያ ትውልድ የፈረንሳይ መኮንኖች ከጦርነቱ ይዘውት የወጡት ጥያቄ እንግዲህ እንዴት ወደ አየር እንውጣ የሚል ሳይሆን፣ ወጥተን እንዴት እንመለስ የሚል ነበር።

ሬናር በ1870ዎቹ መጀመሪያ ለዚህ ጥያቄ የሰጠው የመጀመሪያ መልስ ፊኛ አልነበረም። አሥር ጠባብ ክንፎች አንዱ በሌላው ላይ የተደረደሩበት፣ ሰው የማይጫንበት፣ ሞተር የሌለው ተንሸራታች ሠርቶ በሰሜን ፈረንሳይ ከአራስ ከተማ አጠገብ ሞከረው። የዚህ ተንሸራታች ዋና ቁም ነገር ከክንፎቹ ብዛት ይልቅ በውስጡ የተንጠለጠለው ፔንዱለም ነው። ተንሸራታቹ ወደ አንድ ጎን ሲያዘነብል ፔንዱለሙ ቁልቁል እንደ ተንጠለጠለ ይቀራል፤ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የማዕዘን ልዩነት በጎንና በጎን የተገጠሙትን ትናንሽ ክንፎች ያንቀሳቅሳል፤ እነዚህም በራሪውን ወደ ሚዛኑ እንዲመልሱት ታስበዋል። በዛሬው የሙያ አነጋገር ይህ ዳሳሽና አንቀሳቃሽ ያለው የግብረ መልስ ሥርዓት ነው።

ሙከራው ለሰው በረራ የሚያበቃ ውጤት አላስገኘም። ምክንያቱ ለቁጥጥር ምሕንድስና ተማሪ እስከ ዛሬ የሚጠቅም ትምህርት ያዘለ ነው። ፔንዱለም የሚለካው የምድርን ስበት ብቻ አይደለም፤ የተሸከመው አካል ፍጥነትና አቅጣጫ ሲለወጥም ይወዛወዛል። በራሪው አዘንብሎ ዙር በሚሠራበት ጊዜ ፔንዱለሙ አብሮ ስለሚያዘነብል ሊያርመው የሚገባውን ስሕተት አያየውም። መፍትሔው የተገኘው ከአራት ዐሥርት ዓመታት በኋላ፣ አሜሪካዊው ሎረንስ ስፔሪ በጋይሮስኮፕ የሚሠራ ማረጋጊያ በ1914 በፓሪስ አቅራቢያ በአውሮፕላን ላይ ባሳየ ጊዜ ነበር። ሬናር ጥያቄውን በትክክል ጠይቋል፤ የጎደለው አስተማማኝ ዳሳሽ ነበር።

የሻሌ ሙዶን ዓመታት

በ1877 በፓሪስ ደቡብ ምዕራብ በምትገኘው ሻሌ ሙዶን የፈረንሳይ ጦር የፊኛ ማዕከል ሲቋቋም ሬናር ኃላፊነቱን ተረከበ፤ እስከ ዕለተ ሞቱም ከዚያ ሥራ አልተለየም። ወንድሙ ፖልና መኮንን አርተር ክሬብስም አብረውት ሠሩ። ጋምቤታ ከከበባው ያወጣውን ፊኛ አልረሳውምና ለሥራው የገንዘብ ድጋፍ እንዲገኝ ረዳ።

ከላይ የተጠቀሱት የብሬከር ቁጥሮች የተገኙትም ከዚሁ ማዕከል ነው። ሠራዊቱ ለፊኛ ማሠሪያ ይጠቀምባቸው የነበሩት የገመድ መጠኖች 425 ያህል ነበሩ። ሬናር መጠኖቹን እኩል በሆነ ልዩነት ሳይሆን እኩል በሆነ ንጽጽር እንዲያድጉ አድርጎ 17 ላይ አወረዳቸው። አሥርን በአምስት እኩል የብዜት ደረጃዎች ብንከፍል እያንዳንዱ ደረጃ ከቀዳሚው 1.58 እጥፍ ገደማ ይሆናል፤ 10፣ 16፣ 25፣ 40፣ 63 እና 100 የሚመጡትም በዚህ መንገድ ነው። ዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ይህን ሥርዓት ከመጀመሪያዎቹ ደረጃዎቹ አንዱ አድርጎ ተቀብሎታል። ብዙ ነገር ለመቆጣጠር አስቀድሞ የሚለዋወጡትን ነገሮች ማሳነስ እንደሚገባ የተረዳ አእምሮ በገመድም ሆነ በበረራ ላይ ያው አንድ ነው።

የአየር መርከቡን ሥራ ሲጀምር ሬናር ከፊቱ የሁለት ሰዎች ሙከራ ነበረው። ኦንሪ ዢፋር በ1852 በሦስት የፈረስ ጉልበት የእንፋሎት ሞተር ከፓሪስ ተነሥቶ 27 ኪሎ ሜትር ያህል ቢጓዝም ነፋሱን አሸንፎ ሊመለስ አልቻለም። ጋስቶን ቲሳንዲዬ ከወንድሙ ጋር ጥቅምት 8 ቀን 1883 ለመጀመሪያ ጊዜ በኤሌክትሪክ ሞተር በረረ፤ ሞተሩ 1.5 የፈረስ ጉልበት ብቻ ስለ ነበረው እርሱም መመለስ አልሆነለትም።

ሬናርና ክሬብስ ኤሌክትሪክን የመረጡባቸው ምክንያቶች ዛሬም ይሠራሉ። በሃይድሮጂን ከተሞላ ፊኛ ሥር እሳት ማንደድ ለአደጋ መጋበዝ ነው፤ የኤሌክትሪክ ሞተር ግን እሳት አይፈልግም። ነዳጅ እየተቃጠለ ሲያልቅ የመርከቡ ክብደትና ሚዛን ይለወጣል፤ ባትሪ ግን ኃይሉን ሲጨርስም ክብደቱ ያው ነው። ከሁሉ በላይ ሞተሩን ማስነሣት፣ ማቆምና ወደ ኋላ ማሽከርከር በማብሪያ ማጥፊያ የሚፈጸም ቀላል ተግባር ነው። ሬናር ቀላል ክብደትና ከፍተኛ ኃይል የሚሰጥ ባትሪ ፍለጋ ላይ ዓመታት ሲያሳልፍ፣ ክሬብስ በሞተሩ ላይ አተኮረ።

ነሐሴ 9 ቀን 1884

ላ ፍራንስ ተብሎ የተሰየመው መርከብ 50 ሜትር ገደማ ርዝመትና 8.4 ሜትር ወርድ ነበረው፤ 1,864 ሜትር ኩብ ሃይድሮጂን ይይዝ ነበር። ከሥሩ ከቀርከሃ የተሠራ 33 ሜትር ርዝመት ያለው ጠባብ ተሸካሚ አካል ተንጠልጥሏል። 8.5 የፈረስ ጉልበት፣ ማለትም 6.3 ኪሎ ዋት ገደማ የሚሰጠው ሞተር፣ ሰባት ሜትር ወርድ ያለውን ፕሮፔለር ከፊት ሆኖ ያሽከረክራል። ባትሪው 435 ኪሎ ግራም ይመዝን ነበር፤ ይህም ሁለት ቶን ከሚጠጋው ጠቅላላ ክብደት ከአምስት አንዱን የሚበልጥ ነው።

የቁጥጥሩ አካላት በጥንቃቄ ተከፋፍለው ነበር። ለአቅጣጫ የኋላ መቅዘፊያ፣ ለከፍታ አግድም መሪ፣ የመርከቡን አፍንጫ ከፍና ዝቅ ለማድረግ ወደ ፊትና ወደ ኋላ የሚንሸራተት ክብደት፣ የፊኛው ቅርጽ እንዳይጨማደድ ደግሞ በውስጡ አየር የሚነፋበት ከረጢት ተዘጋጅቷል። እያንዳንዱ አካል አንድ ሥራ ብቻ ነበረው።

ሁለቱ መኮንኖች ነፋስ ጸጥ የሚልበትን ቀን ጠብቀው ነሐሴ 9 ቀን 1884 ከሰዓት በኋላ ተነሡ። በቪላኩብሌ አምባ ላይ እንደ ደረሱ መቅዘፊያውን አዙረው ወደ ሻሌ ተመለሱ። የመጨረሻው ምዕራፍ ከሁሉ ይልቅ ጥንቃቄ የጠየቀ ነበር። ሜዳው ጠባብ፣ ዙሪያው ዛፍ ስለ ነበር ሞተሩን አንዴ ወደ ፊት አንዴ ወደ ኋላ እያሠሩ መርከቡን ከማረፊያው በላይ አስተካክለው ካቆሙ በኋላ ወረዱ። ስምንት ኪሎ ሜትር የሚጠጋው ጉዞ 23 ደቂቃ ፈጀ፤ አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነበር። ውጤቱ በዚያው ወር ለፈረንሳይ የሳይንስ አካዳሚ ቀረበ።

ለሬናር ይህ በረራ የሙከራ መርሐ ግብር መጀመሪያ እንጂ መደምደሚያ አልነበረም። ላ ፍራንስ በ1884 እና በ1885 ሰባት ጊዜ በረረ፤ አምስት ጊዜ ወደ ተነሣበት ተመለሰ፤ ሁለት ጊዜ ሳይመለስ ቀረ። ከሁለቱ አንዱ መስከረም 12 ቀን 1884 በሞተሩ ላይ በደረሰ እክል ምክንያት ነበር። ክሬብስ ወደ ሌላ ሥራ ስለ ሄደ በ1885 ከሬናር ጋር ወንድሙ ፖል በረረ። አንድ ሥርዓት የሚመዘነው አንድ ጊዜ በመሳካቱ ሳይሆን በተደጋጋሚ ሲፈተን በሚያሳየው ጠባይ መሆኑን ይህ አምስት ለሰባት የሆነ ንጽጽር ያመለክታል። የመጀመሪያው በረራ ብቻ ተመዝግቦ ቢቀር ኖሮ ታሪኩ ያምር ነበር፤ ዕውቀቱ ግን ይጎድል ነበር።

ወሳኙ ፍጥነት

ከ1885 በኋላ ሬናር ያንኑ መርከብ በማሳደግ አልቀጠለም። ምክንያቱን በቀላል ስሌት ማየት ይቻላል። አየርን ሰንጥቆ ለመሄድ የሚያስፈልገው ኃይል በፍጥነቱ ሦስተኛ ርቢ መጠን ያድጋል፤ ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ስምንት እጥፍ ኃይል ያሻል። በዚያው ባትሪ ዓይነት ለዚያው ያህል ጊዜ ለመብረር ባትሪው ብቻ 3,480 ኪሎ ግራም ሊመዝን ነው፤ ይህም መርከቡ በጠቅላላ ሊያነሣ ከሚችለው ይበልጣል።

ስለዚህ ሬናር ፊቱን ወደ መለካት መለሰ። በአሞሌ ጫፎች ላይ የተገጠሙ ሁለት ሰሌዳዎችን ሞተሩ እንዲያሽከረክር በማድረግና የአየሩን መቋቋም በመጠቀም የሞተርን ኃይል የሚለካ ቀላል መሣሪያ ሠራ፤ ይህ መሣሪያ በሞተር ፈታሾች ዘንድ ለረጅም ዘመን አገልግሏል። ስለ ፕሮፔለርና ቀጥ ብሎ ስለ መነሣት አጠና። በ1903 መሪው ተሽከርካሪ ለሚከተሉት ጋሪዎች ሁሉ ኃይል የሚያከፋፍልበትን የመንገድ ባቡር አቀረበ።

ከኋለኛው ዘመን ሥራዎቹ ሁሉ የሚልቀው ግን በ1904 ለሳይንስ አካዳሚ ያቀረበው የአየር መርከብ ሚዛን ጥናት ነው። ረጅም ፊኛ አፍንጫውን በጥቂቱ ከፍ ወይም ዝቅ ሲያደርግ ሁለት ተቃራኒ ኃይሎች ይገጥሙታል። ከሥሩ የተንጠለጠለው ክብደት ወደ ሚዛኑ ይስበዋል፤ የሚገፋው አየር ደግሞ ይበልጥ እንዲያዘነብል ያደርገዋል። የመጀመሪያው በፍጥነት አይለወጥም፤ ሁለተኛው በፍጥነቱ ካሬ መጠን ያድጋል። እንግዲህ ሁለቱ የሚተካከሉበት አንድ ፍጥነት አለ። ከዚያ በታች መርከቡ ራሱን ያርማል፤ ከዚያ በላይ ግን ጥቂት መዛባት ወደ ትልቅ መዛባት ያድጋል። ሬናር ይህን ወሳኝ ፍጥነት ብሎ ሰየመው።

ትርጉሙ ከባድ ነበር። ላ ፍራንስ ሚዛኑን ጠብቆ የበረረው በከፊል ሞተሩ ደካማ በመሆኑ ነው። በጊዜው ቀላልና ኃይለኛ የቤንዚን ሞተሮች እየመጡ ነበር፤ የመርከቡ ቅርጽ ሳይለወጥ እነርሱን መግጠም ማለት የደካማው ሞተር ሸሽጎት የኖረውን አለመረጋጋት መግለጥ ማለት ነበር። ሬናር ያቀረበው መፍትሔ እንደ ፍላጻ ላባ ከኋላ የሚገጠሙ የጅራት ገጾች ነበሩ። በ1906 የተሠራው ቪል ደ ፓሪ የተባለው የአየር መርከብ ጅራት ይህንኑ ሐሳብ የተከተለ ነው። ሬናር ግን ይህን ለማየት አልታደለም፤ ሚያዝያ 13 ቀን 1905 በሻሌ ሙዶን በ57 ዓመቱ አረፈ።

ማጠቃለያ

የሬናር ሕይወት በፔንዱለም ተጀምሮ በወሳኝ ፍጥነት ተደመደመ፤ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ የሚያያይዘው ክር የቁጥጥር ጥያቄ ነው። በመካከል ያለው የኤሌክትሪክ በረራ ዝናን አተረፈለት፤ ይሁን እንጂ ከዝናው ይልቅ ዘላቂ የሆነው፣ የተሳካለት መርከብ ለምን እንደ ተሳካለት መርምሮ የስኬቱን ወሰን ራሱ ማስመሩ ነው።

ይህ ወሰን ዛሬም ፊታችን ነው። የአሜሪካው ናሳ ለዓመታት ሲሠራበት የቆየውን ኤክስ 57 የተባለ የኤሌክትሪክ አውሮፕላን መርሐ ግብር በ2023 አንድም ጊዜ ሳያበረው እንደሚዘጋ ሲያስታውቅ፣ ለውሳኔው የተሰጠው ምክንያት በግፊት ሥርዓቱ ላይ የታየ የደኅንነት ሥጋት እንጂ የባትሪ ክብደት አልነበረም። ስለዚህ በኤሌክትሪክ በረራ ላይ የሚመራመር ተማሪ የባትሪው ኃይል እስኪያድግ እየጠበቀ የቁጥጥሩን ጥናት ለነገ ሊያሳድር አይገባውም። የተሻለው ባትሪ በመጣ ዕለት ደካማው ባትሪ ሸሽጎት የነበረው አለመረጋጋት ሁሉ አብሮ ይመጣልና።