የልብስ አጣቢው ልጅ አና ሜይ ወንግ

በዚህ ዕትም የታዋቂ ሰዎች አምድ ላይ የማቀርብላችሁ የአንዲት የፊልም ተዋናይት ታሪክ ነው። ለምን እሷን እንደመረጥኩ መጨረሻ ላይ እነግራችኋለሁ።

አና ሜይ ወንግ እ.ኤ.አ. ጃንዋሪ 3 ቀን 1905 በአሜሪካ ሎስ አንጀለስ ከተማ ተወለደች። አያቶቿ ከቻይና የመጡ ስደተኞች ነበሩ። አባቷ የልብስ ማጠቢያ ቤት ነበራቸው። የቻይንኛ ስሟ ወንግ ሊው ሶንግ ይባላል።

መጀመሪያ የገባችበት ትምህርት ቤት ውስጥ ፈረንጆቹ ልጆች ቻይናዊ በመሆኗ ይሰድቧትና ፀጉሯን ይጎትቷት ነበር። ወላጆቿም አውጥተው የቻይና ልጆች ወደሚማሩበት አዛወሯት። ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቻይንኛ ትማር ነበር። የታጠበ ልብስ ለደንበኞች ስታደርስ የምታገኘውን ጉርሻ ለሲኒማ ታውለው ነበር። አባቷ ግን ፊልም አይወዱላትም። ገና በ11 ዓመቷ የእንግሊዝኛውንና የቻይንኛውን አጣምራ አና ሜይ ወንግ የሚለውን ስም አወጣች። በ17 ዓመቷ፣ በ1922፣ በባለ ቀለም ፊልም ዋና ተዋናይት ሆነች።

ችግሩ ግን አላለቀም። ብዙ ጊዜ የሚሰጧት የክፉ ሴት ወይም መጨረሻ ላይ የምትሞት ሴት ቦታ ነበር። በዚህ ተማርራ በ1928 ወደ አውሮፓ ሄደች። በኋላ ስለ ቻይና ገበሬዎች ትልቅ ፊልም ሲሠራ ዋናው ቦታ ለነጭ ተዋናይት ተሰጠ። ለእሷ የቀረበላት የክፉዋ ሴት ቦታ ነበር፤ እምቢ አለች።

በ1936 ቻይናን ልታይ ሄደች። አባቷ ወደ ዘመዶቻቸው መንደር ተመልሰው ስለነበር እዚያ ጠየቀቻቸው። የሚገርመው ግን እዚያም አንዳንዶች ቻይናን የሚያሰድብ ፊልም ትሠራለች ብለው ወቀሷት። እሷ ግን አልተቀየመችም። ጃፓን ቻይናን ስትወር የፊልም ልብሶቿን በጨረታ ሸጣ ገንዘቡን ለቻይና ተጎጂዎች ሰጠች።

አና ሜይ በ1961 በ56 ዓመቷ አረፈች። በ2022 አሜሪካ ምስሏን በ25 ሳንቲም ላይ አወጣች።

አሁን ለምን እንደመረጥኳት ልንገራችሁ። ዘንድሮ ክፍላችን ከሌላ ክልል የመጣ ልጅ ገብቷል። አማርኛ ሲያነብ ቃል ከተሳሳተ ክፍሉ ሁሉ ይስቃል። እውነቱን ለመናገር እኔም ስቄበታለሁ። አንድ ቀን ግን መምህራችን እንዲያነብ ሲጠሩት ደብተር ረሳሁ አለ። ደብተሩ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ አይቼ ነበር። የአና ሜይን ታሪክ ሳነብ ትዝ ያለኝ እሱ ነው።

በማግስቱ በእረፍት ሰዓት ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። አሁን አብረን እናጠናለን። በእሱ ቋንቋ እስከ አሥር መቁጠር እያስተማረኝ ነው። ስድስት ላይ ስደርስ ሁሌ እሳሳታለሁ፣ እሱም በጣም ይስቅብኛል። ይሳቅ፣ ይገባኛል።