ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ፦ ሙያን ከታች የጀመሩ ልዕልት

በየዓመቱ ስንገናኝ ስለ ሹመቱ፣ ስለ ልጆቹና ስለ ድሬ ሙቀት አውርተን ስናበቃ ወሬው ዞሮ ዞሮ ሥራችን ላይ ይወድቃል። አንዳንዶቻችን በጤና ጣቢያ፣ አንዳንዶቻችን በማኅበራዊ ጉዳይ ቢሮ፣ ሌሎቻችን በማስተማር ላይ ነን። የሚያገናኘን ግን አንድ ሥራ ነው፤ የጉዳይ አያያዝ፣ በልማድ ኬዝ ማኔጅመንት የምንለው። ሰውን ተቀብሎ ችግሩን ማጣራት፣ ዕቅድ ማውጣት፣ ከሚረዳው ጋር ማገናኘት፣ ከዚያም ነገሩ እስኪቃና ድረስ አለመልቀቅ። ዘንድሮ የምናስታውሳቸው ሰው ሥራው ገና ይህ ስም ሳይወጣለት ወደ ሙያው የገቡት ልዕልት ፀሐይ ኃይለ ሥላሴ ናቸው።

ልዕልት ፀሐይ በ1912 ዓ.ም. ተወለዱ። አባታቸው ያኔ ራስ ተፈሪ መኰንን፣ እናታቸው ወይዘሮ መነን አስፋው ነበሩ። በ1928 ዓ.ም. የጣሊያን ጦር አገሪቱን ሲወር ልዕልቲቱ ገና ወጣት ነበሩ። ቢሆንም በእቴጌ መነን የበላይ ጠባቂነት በተሰባሰበው የሴቶች የበጎ አድራጎት ማኅበር ውስጥ ገብተው ሠሩ። ሴቶቹ ለዘማቹ ልብስና ፋሻ ያዘጋጁ ነበር። የመርዝ ጋዝ ወሬ ሲመጣ ደግሞ የጋዝ መከላከያ ጭምብል ወደ መስፋት ገቡ። መቼም በጎ ፈቃድ ብቻውን ቁስል እንደማያድን የሚታየው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው፤ የሠለጠነ እጅ በአገሩ ጥቂት ነበር።

ሚያዝያ 24 ቀን 1928 ዓ.ም. የንጉሠ ነገሥቱ ቤተሰብ በባቡር ወደ ጅቡቲ ተጓዘ። መንገዱ በእኛው በድሬዳዋ በኩል ነበር። ከጅቡቲ በመርከብ ወደ ኢየሩሳሌም፣ ከዚያም ወደ እንግሊዝ አገር ተሻገሩና ባዝ በምትባለው ከተማ ተቀመጡ።

በስደት ላይ ያለች የንጉሥ ልጅ ልታደርግ የምትችለው ብዙ ነገር ነበር። ልዕልት ፀሐይ የመረጡት ግን ለንደን በሚገኘው የግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ገብቶ ነርስነት መማርን ነው። የዚያ ዘመን ሥልጠና እንደዛሬው በክፍል ውስጥ ጀምሮ ለጥቂት ሳምንታት ወደ መስክ የሚወጣ አልነበረም። ሠልጣኟ እዚያው ሆስፒታሉ ግቢ ታድራለች፣ አልጋ ታነጥፋለች፣ ዕቃ ታጥባለች፣ ሌሊት ተራ ትገባለች፤ ትምህርቱና ፈተናው ከዚህ ጎን ለጎን ይሄዳል። ነሐሴ 19 ቀን 1931 ዓ.ም. ልዕልቲቱ በመንግሥት መዝገብ የተመዘገቡ ነርስ ሆኑ። ገና 20 ዓመት አልሞላቸውም ነበር። ከቀናት በኋላ የዓለም ጦርነት ፈነዳ፤ እሳቸውም ለንደን ውስጥ በጋይስ ሆስፒታል ሥራቸውን ቀጠሉ።

በ1933 ዓ.ም. አገራቸው ነፃ ስትወጣ ተመለሱ፤ ደሴ ሆስፒታል ገብተውም አገለገሉ። ሚያዝያ 18 ቀን 1934 ዓ.ም. በኋላ ሌፍተናንት ጄኔራል የሆኑትን አብይ አበበን አገቡና ባለቤታቸው ወደተሾሙበት ወለጋ ሄዱ። ኑሯቸው ለቀምት ሆነ፤ ከአዲስ አበባ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ነው። ነሐሴ 11 ቀን 1934 ዓ.ም.፣ ክረምቱ በጠናበት ወር፣ ከእርግዝና ጋር በተያያዘ ችግር አረፉ። ከሠርጋቸው አራት ወር አልሞላም። ዕድሜያቸው 22 ነበር። ሕፃናትን ለማዳን የሠለጠኑት ነርስ የሞቱት ብዙ የአገሬው ሴቶች በሚሞቱበት ምክንያት ነው።

በስማቸው መታሰቢያ ሆስፒታል እንዲሠራ የኢትዮጵያ ወዳጅ የነበሩት ሲልቪያ ፓንክረስት እንግሊዝ አገር ገንዘብ አሰባሰቡ። የልዕልት ፀሐይ መታሰቢያ ሆስፒታል በ1940ዎቹ አጋማሽ አዲስ አበባ ተከፈተ፤ ዛሬ የጦር ኃይሎች ሆስፒታል የምንለው ነው። በ1951 ዓ.ም. ዶክተር ሬጂናልድና ዶክተር ካትሪን ሃምሊን አዋላጅ ነርሶችን ለማሠልጠን የመጡት ወደዚሁ ሆስፒታል ነበር። በምጥ ብዛት ፊስቱላ የያዛቸውን ሴቶች ያገኙትም እዚያው ነው። የፊስቱላ ሆስፒታሉ የተወለደው ከዚህ ነው፤ ከቅርንጫፎቹ አንዱ አሁን ሐረር ውስጥ አለ።

እዚህ ላይ ለሙያችን ትልቅ ትምህርት አለ። ፊስቱላ በቀዶ ሕክምና ይጠገናል። ሴትየዋ ግን ባሏ ትቷት፣ ጎረቤት ሸሽቷት፣ ልጇም ሞቶባት ሊሆን ይችላል። ቀዶ ሐኪሙ ሥራውን ሲጨርስ የእኛ ሥራ ይጀምራል። ማን ይቀበላታል? በምን ትተዳደራለች? ዳግም ስታረግዝ የት ትወልዳለች? ሃምሊኖች ደስታ መንደርን ያቋቋሙት ለእንዲህ ያለው ጥያቄ መልስ ፍለጋ ነው።

ሥልጠናውም ቢሆን ቀስ በቀስ መልክ ያዘ። በ1947 ዓ.ም. የተከፈተው የጎንደር የጤና ጥበቃ ኮሌጅ ጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የአካባቢ ጤና ባለሙያውን ባንድ ቡድን አሠልጥኖ ወደ ገጠር ላከ። በ1950ዎቹ መጀመሪያ አዲስ አበባ የማኅበራዊ ሥራ ትምህርት ቤት ተከፈተ። ከአብዮቱ ጋር ተቋርጦ ሠላሳ ዓመት ያህል ከቆየ በኋላ በ1990ዎቹ መጨረሻ እንደገና ተጀመረ። ያ የተቋረጠ ጊዜ ዛሬም ይሰማል፤ መምህራኖቻችን የሚያውቁት ነው።

እስኪ ነገሩን ወደ ቢዮ አዋሌ እናምጣው። አንዲት ነፍሰ ጡር እዚያ ብትታመም የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋ ታያታለች፣ ጤና ጣቢያው የሪፈር ወረቀት ይጽፍላታል፣ ድል ጮራ ሆስፒታል ይቀበላታል እንበል። ሦስቱም ሥራቸውን በትክክል ሠርተው ሴትየዋ ግን በመሃል ልትጠፋ ትችላለች። ለመኪና ገንዘብ አጥታ፣ ቤት የቀሩትን ልጆች የሚይዝላት አጥታ፣ ወይም ወረቀቱን በቋንቋዋ የሚያስረዳት አጥታ። ይህን ክፍተት የሚሞላው ሰው በኦሮምኛም በሶማልኛም መነጋገር የሚችል፣ ዕድሩንና ሽማግሌውን የሚያውቅ፣ ስልክ ደውሎ ደረሰች ወይ ብሎ የሚጠይቅ መሆን አለበት።

ስለዚህ ለመምህራኖቻችን አንድ ሐሳብ እናቅርብ። ተማሪው በመስክ ልምምዱ ሃምሳ ቅጽ ሞልቶ ከሚመለስ አንድ ቤተሰብ ይዞ ከመጀመሪያው ቀን እስከ መዝጊያው ይከታተል። ልምምዱም ከተማ ውስጥ ብቻ ሳይሆን ቢዮ አዋሌን በመሰሉ ገጠር ቀበሌዎችም ይሁን። እዚያ የምንሠራ የቀድሞ ተማሪዎች ደግሞ ልምምድ የሚወጡትን ተቀብለን እናሳያቸው። ልዕልት ፀሐይ ሙያቸውን የተማሩት በበሽተኛው አልጋ ዙሪያ ነው። የእኛ በሽተኛ አልጋ ደግሞ ብዙ ጊዜ ያለው ሆስፒታል ውስጥ ሳይሆን ቤቱ ነው።